ስለ ሕዝበ ውሳኔና ሳይጠየቁ ስለሚቀሩት ጥያቄዎች

ባልና ሚስት ሊፋቱ ወደ ሽማግሌ በቀረቡ ጊዜ፥ ዐዋቂ ሽማግሌ «ትፋታላችሁን ወይስ አትፋቱም?» ብሎ ብቻ ጠይቆ አያሰናብታቸውም። ቤቱ ለማን እንዲሆን፥ በሬው ከማን በረት እንዲያድር፥ ልጆቹ ከማን ዘንድ እንዲያድጉ፥ ገና ያልተከፈለውንም ዕዳ ማን እንዲከፍለው አንድ በአንድ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው መለያየቱን ለማስቀረት ብቻ አይደለም፤ መለያየቱ የማይቀር እንኳ ቢሆን ጠብ እንዳይወልድ ስለሚያስብ ነው። ሁለት ሰዎች ሲለያዩ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያስፈልግ ከሆነ፥ ሕዝብ ከሕዝብ፥ አገር ከአገር ሲለይ ምን ያህል ጥንቃቄ ሊደረግ እንደሚገባው ለማንም የተሰወረ አይደለም።

በዘመናችን አንድ ሕዝብ ከሌላው ጋር አብሮ ለመኖር ወይም ለመለየት ሲፈልግ ሕዝበ ውሳኔ የሚባለው ሥርዓት ይደረግለታል። ለሕዝቡ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ እርሱም እሺ ወይም እንቢ ብሎ በወረቀት ይመልሳል። ሥርዓቱ በጦር ከመዋጋት የተሻለ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ጥያቄ አንድ ሲሆን፥ ሳይጻፉ የሚቀሩት ጥያቄዎች ብዙዎች ናቸው። እኛም በዚህ ጽሑፍ መለየት ደግ ነው ወይም ክፉ ነው ብለን ለመፍረድ አልተነሣንም። ሳይጠየቁ የቀሩት ጥያቄዎች በኋላ በማን ላይ እንደሚወድቁ ለማሳየት ነው እንጂ። ይህንንም የሚያነቡት መዝገብ የሚይዙ ሹማምንትና ሕዝብን የሚያስተምሩ ካህናት ስለ ሆኑ፥ ነገሩ ከሁሉ ይልቅ እነርሱን ይመለከታል ብለን እናምናለን።

አስቀድመን የሩቁን እናንሣ። የታላቋ ብሪታንያ ሕዝብ ሰኔ 16 ቀን 2008 ዓ.ም. ከአውሮጳ ኅብረት ለመውጣት ወይም በዚያው ለመቅረት ድምፅ በሰጠ ጊዜ፥ እንውጣ ያሉት 17,410,742፥ እንቅር ያሉት 16,141,241 ሰዎች ነበሩ። ይህም ከመቶው 51.9 ለ48.1 መሆኑ ነው። ደግሞም ድምፁ በአገሩ ሁሉ እኩል አልነበረም። እንግሊዝና ዌልስ እንውጣ ሲሉ፥ ስኮትላንድ ከመቶው 62፥ ሰሜን አየርላንድም ከመቶው 55.8 እንቅር ብለው ነበር። ወረቀቱ ግን ስለ ሰሜን አየርላንድ ድንበር አልጠየቀም። በአገሩ ይኖሩ የነበሩት ከ3 ሚሊዮን የሚበልጡ የሌላ አውሮጳ አገር ሰዎች ነገር ምን እንደሚሆንም አልጠየቀም። ስለዚህ እነዚህ ጥያቄዎች ከድምፁ በኋላ ተራ በተራ ተነሡ፤ ዴቪድ ካሜሮንና ቴሬዛ ሜይም ተከታትለው ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ወረዱ። አገሪቱ ከኅብረቱ የወጣችው ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከድምፁ ቀን ሲቈጠር ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ያህል ዘግይቶ መሆኑ ነው። ድምፁ ከመሰጠቱ አንድ ሳምንት አስቀድሞ አንዲት የፓርላማ አባል መገደሏ የሚያሳዝን ቢሆንም፥ ክርክሩ በፓርላማና በፍርድ ቤት ተካሄደ እንጂ ጦር አላማዘዘም። ይኸውም ሕግና ልማድ የጸኑበት አገር ስለ ሆነ ነው። ሕግ ባልጸናበት አገር ያው ነገር ቢመጣ ምን ሊሆን እንደሚችል ግን የራሳችን ታሪክ ያስተምረናል።

ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኘው አዳማ፥ ናዝሬት እየተባለች ትጠራ በነበረችበት ዘመን የሁለት ባሕር በሮች መተላለፊያ ነበረች። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በእርስዋ በኩል ያልፋል። በኋላ ዘመን በአዋሽ ሸለቆ በኩል ወደ አሰብ የተሠራው የመኪና መንገድም በእርስዋ በኩል ያልፋል። በአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ከዚያ ነዳጅ የጫኑ መኪናዎች ሌሊትና ቀን ይመላለሱ ነበር። ከአሰብ የመጣው ዕቃ በሞጆ መታጠፊያ ወደ ደቡብ ታጥፎ ወደ መቂ፥ ዝዋይ ትባል ወደ ነበረችው ወደ ባቱ፥ ወደ አርሲ ነገሌና ወደ ሻሸመኔ ይወርዳል። ስለዚህ የአሰብ ነገር ለአዳማ ሕዝብ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ ሳይሆን የዕለት እንጀራ ነገር ነበር።

ዕቃው ብቻም አልነበረም። ከኤርትራ የመጡ ነጋዴዎች፥ መካኒኮች፥ ሾፌሮችና መምህራን በመንገዱና በሐዲዱ ዳር ባሉት ከተሞች ቤት ሠርተው፥ ከአገሬው ሰው ጋር ተጋብተው፥ ዕቍብ ጥለው፥ ዕድር ገብተው ይኖሩ ነበር። ልጆቻቸውም እዚያው ተወልደው ክርስትና የተነሡ፥ የአባታቸውን አገር በስም ብቻ የሚያውቁ ነበሩ። አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ሰዎች በልብህ ያዝ፤ በኋላ እንመለስባቸዋለንና።

የኤርትራን ነገር ከሥሩ ለማስታወስ ያህል፥ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በወሰነው ውሳኔ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተባበር ተደረገ። ከዚያ አስቀድሞ ጉዳዩን እንዲመረምሩ ከተላኩት ከአምስቱ አገሮች መልእክተኞች መካከል እንኳ አንድ አሳብ አልተገኘም። ኖርዌይ ፈጽሞ መዋሐድን፥ በርማና ደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽንን፥ ጓቲማላና ፓኪስታን ነጻነትን መክረው ነበር። የኤርትራም ሕዝብ በዚያን ጊዜ በማኅበር በማኅበር ተከፍሎ፥ አንዱ ከኢትዮጵያ ጋር ኅብረትን፥ ሌላው ነጻነትን ይሻ ነበር እንጂ ድምፅ በወረቀት ሰጥቶ እንዲወስን አልተጠየቀም። ፌዴሬሽኑ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ጸና። ኤርትራም የራስዋ ሕገ መንግሥት፥ 68 አባሎች ያሉት ምክር ቤትና የራስዋ ሰንደቅ ዓላማ ነበራት። ነገር ግን ሰንደቅ ዓላማው ወረደ፤ ሌላውም ነገር አንድ በአንድ ተነሣ፤ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ራሱ ፈረሰ። የጦር መሣሪያ ተኵስ ግን ከዚያ በፊት በ1953 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ተጀምሮ ነበርና፥ ሠላሳ ዓመት ያህል ነደደ። የሁለቱም ወገን እናቶች ልጆቻቸውን ቀበሩ።

የሻዕቢያ ጦር ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. አሥመራ ገባ፤ ከአራት ቀንም በኋላ የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ በአዲስ አበባ የተሰበሰበው ጉባኤ ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ ዕድሏን እንድትወስን ተቀበለ። ድምፁም ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ባሉበት ተሰጠ። ጥያቄው ኤርትራ ነጻና ሉዓላዊት አገር እንድትሆን ትፈልጋለህን? የሚል ነበር። እሺ ያሉት 1,100,260፥ እንቢ ያሉት 1,822 ሆኑ። ከነዚህም መካከል በኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው እሺ ያሉት ከ57 ሺህ የሚበልጡ ነበሩ። በግንቦት 16 ቀን ነጻነቱ ታወጀ፤ የኢትዮጵያ የሽግግር መንግሥትም ዕውቅና ሰጠ።

በዚህ ነገር የኢትዮጵያ ሕዝብ አሳብ አንድ አልነበረም፤ ዛሬም አንድ አይደለም። የሁሉንም ወገን ክርክር ሳያጣምሙ ማስረዳት የሚገባ ነው። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፤ ሠላሳ ዓመት የተዋጋን ሕዝብ በግድ ይዞ መኖር አይቻልም፤ ድምፅ መስጠቱ ደም ከመፍሰስ ይሻላል፤ የፌዴሬሽኑንም ቃል ኪዳን ያፈረሰው ማን እንደ ሆነ ሊረሳ አይገባም። ሁለተኛው ወገን እንዲህ ብሎ ይመልሳል፤ የአንድ አገር አካል ሲቈረጥ የተቀረው አካልም ሊጠየቅ ይገባ ነበር፤ የሽግግር መንግሥት ሕዝብ ሳይመርጠው ይህን ያህል ታላቅ ነገር ሊፈቅድ አይችልም፤ ጥያቄውም ነጻነት ወይም አሮጌው አገዛዝ ብቻ ሆኖ በመካከል ያለው መንገድ፥ ማለት የታደሰ ፌዴሬሽን፥ ለምርጫ አልቀረበም። ሦስተኛው ወገን ደግሞ መለየቱን ተቀብሎ ስለ አሰብ ይከራከራል፤ ይህን ያህል ሕዝብ ያለው አገር ያለ ባሕር በር ሊቀር የቻለው ስለ ባሕሩ በጊዜው አስሮ የተዋዋለ ባለመኖሩ ነው ይላል።

እነዚህ አሳቦች በሰላም በአደባባይ ቢነገሩና መልስ ቢያገኙ ለሁሉም በጎ ነበር። ነገር ግን ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ በከተማው በነበሩበት ጊዜ ሕዝበ ውሳኔውን ተቃውመው ሰልፍ በወጡ ጊዜ ጥይት ተተኰሰባቸው፤ ሕይወትም ጠፋ። በዚያው ዓመት ከ40 የሚበልጡ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ከሥራቸው ተሰናበቱ። እንዲህም ሆኖ ክርክሩ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ። ወደ ጓዳ የገባ ክርክር ግን አይሞትም፤ ይቈመጥጣል እንጂ። የተቃዋሚ ቃል ቢሰማ ኖሮ ምናልባት ውሳኔው አይለወጥም ነበር፤ ነገር ግን ሳይጠየቁ የቀሩትን ጥያቄዎች የሚያስታውስ ሰው ይገኝ ነበር።

ሳይጠየቁ የቀሩትስ ምንድር ናቸው? በእኛ አሳብ አራት ናቸው። አንደኛው የድንበር ነገር ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን የት እንደሚያልፍ በምድር ላይ አልተመለከተም። ሁለተኛው የገንዘብ ነገር ነው፤ ሁለቱ አገሮች በአንድ ብር ሲገበያዩ ቈይተው፥ ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ናቅፋን ባወጣች ጊዜ ንግዱ በምን እንደሚካሄድ ተጣሉ። ሦስተኛው የወደብ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያ በአሰብ ትጠቀም የነበረው በመንግሥታቱ መልካም ፈቃድ እንጂ በጽኑ ዋስትና አልነበረምና፥ ወዳጅነቱ በፈረሰ ጊዜ አብሮ ፈረሰ። አራተኛውና ከሁሉ የከፋው የዜግነት ነገር ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ የተነሣው ጦርነት ከመጀመሪያው ጥያቄ ተነሥቶ ሌሎቹን ሦስቱን ሁሉ አቀጣጠላቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ በአሥር ሺሆች የሚቈጠሩ ወጣቶች አለቁ።

አሁን በልብህ ያዛቸው ወዳልናቸው ሰዎች እንመለስ። በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ ለመስጠት የሚፈቀድለት ሰው፥ ኤርትራ በ1984 ዓ.ም. ባወጣችው የዜግነት አዋጅ መሠረት ኤርትራዊ መሆኑ የተመዘገበለት ነበር። ስለዚህ በአዲስ አበባ ወይም በአዳማ ወይም በሌላ የኢትዮጵያ ከተማ የሚኖረው ሰው ድምፅ ለመስጠት ሲመዘገብ፥ የአባቱ አገር ነጻ እንዲሆን ወይም እንዳይሆን መናገሩ ብቻ ይመስለው ነበር። ስለ ራሱ ዜግነት የጠየቀው የለም። ከዚያም በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ በኢትዮጵያ መታወቂያ ወጣ ገባ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዘ፤ ግብር ከፈለ፤ በመንግሥትም ሥራ አገለገለ። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ግን ያ ምዝገባ ከመዝገብ ወጥቶ፥ አንተ በድምፅህ የሌላ አገር ሰው ሆነሃል ተባለ።

ከሰኔ 1990 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 75 ሺህ ይሆናሉ ተብለው የሚገመቱ ኤርትራውያንና የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ ወደ ኤርትራ ተላኩ። አባት ተወስዶ እናት የቀረችበት፥ ንብረት ሳይስተካከል፥ ብድር ሳይመለስ በአውቶቡስ ወደ ድንበር የተጓዘበት ጊዜ ነበር። በኤርትራም ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ከአሥመራና ከአሰብ እንደዚሁ በመከራ ወጡ። በሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን እንዳይነጠቅ የተጻፈው በዚያን ጊዜ ጸንቶ የነበረ ሕግ ነው።

ሁለቱ መንግሥታት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ሰላም ከተፈራረሙ በኋላ የተቋቋመው የካሣ ኮሚሽን፥ ይህን ነገር መርምሮ በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ፈረደ። ፍርዱም ለሁለቱም ወገን ትምህርት የሚሆን ነው። ለሕዝበ ውሳኔው የተመዘገቡት ሰዎች የኤርትራን ዜግነት አግኝተዋል፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ዜግነታቸውን በዚያ ምክንያት አላጡም፤ ስለዚህ የሁለት አገር ዜጎች ነበሩ አለ። ለአገር ጸጥታ ያሠጋሉ ተብለው በሥርዓት ተመርምረው የተላኩትን በተመለከተ በጦርነት ጊዜ ሊደረግ የሚቻል ነው ሲል፥ በአካባቢ ሹማምንት ያለ በቂ ምርመራ የተባረሩትንና በአገር ውስጥ ቀርተው ዜግነታቸው የተነጠቀውን በተመለከተ ግን ኢትዮጵያ ሕግ ተላልፋለች አለ። ኤርትራም በኢትዮጵያውያን ላይ በደረሰው በደል ተጠያቂ ሆነች።

ከዚህ ፍርድ ውስጥ የአካባቢ ሹማምንት የሚለውን ቃል አንባቢ እንዲያስተውለው እንለምናለን። ታላቁን ውሳኔ የወሰኑት በላይ ያሉት ናቸው፤ ነገር ግን መዝገቡን የገለጠው፥ ስሙን የጻፈው፥ በሩን ያንኳኳው በከተማና በቀበሌ ያለው ሰው ነበር። እንበልና በመንገዱ ዳር ባለች በአንዲት ከተማ አንድ የዕድር ጸሐፊ ነበረ። ከሃያ ዓመት ጀምሮ በየወሩ መዋጮውን የከፈለ ጐረቤቱ በሌሊት ተወስዷል። በወሩ መጨረሻ መዝገቡን ገልጦ ስሙን ይሰርዘው ወይስ በቦታው ይተወው? ቢሰርዘው በቀብሩ ቀን የቆመለትን ሰው ካደ፤ ቢተወው ሌላው ምን ይለኛል ብሎ ፈራ። ሕዝበ ውሳኔው ሲደረግ ይህን ጥያቄ ለዚህ ጸሐፊ ያዘጋጀለት አልነበረም፤ መልሱን ግን እርሱ ብቻውን እንዲያገኝ ተተወ።

መንግሥት በ1996 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ በአገሩ ውስጥ የቀሩት የኤርትራ ተወላጆች መኖሪያቸውን እንዲያስመዘግቡና ዜግነታቸውን መልሰው እንዲያገኙ መንገድ ከፈተ። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ መሪዎች በአሥመራ ተገናኝተው የጦርነቱ ዘመን ማብቃቱን ባስታወቁ ጊዜ፥ ሃያ ዓመት ሳይተያዩ የኖሩ ወንድማማቾች በአውሮፕላን ጣቢያ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሁሉም አይቷል። ነገር ግን ሃያ ዓመት የጠፋ የልጅነት ዘመን በምንም መመሪያ አይመለስም። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፥ አንድ ጊዜ የተወሰነ ነገር መልሶ ለመሰብሰብ ጭንቅ ነው።

የወደቡም ነገር እንደዚሁ ነው። ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ባሕር የሚወርድ ሾፌር አዋሽንና ሚሌን አልፎ በአፋር ምድር ሲደርስ መንገዱ በሁለት ይከፈልበታል፤ አንደኛው ወደ አሰብ፥ ሁለተኛው ወደ ጅቡቲ ይወስዳል። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ተመለሰ። አዳማም ቢሆን ከሥራዋ አልጐደለችም፤ በሞጆ ደረቅ ወደብ ተሠራ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የፈጣን መንገድ ተዘረጋ፤ አዲሱም የኤሌክትሪክ ባቡር በአጠገቧ ያልፋል። የተጐዳችው ሥራ አጥታ የቀረችው አሰብና የአንድ ወደብ ኪራይ ብቻዋን የምትከፍለው አገራችን ናት። ከሁሉም ይልቅ ሁለቱ ሕዝቦች የሚጠቀሙበት መንገድ ሣር በቀለበት። ዛሬም የባሕር በር ነገር በአደባባይ በተነሣ ቍጥር ልብ የሚሞቀው፥ በጊዜው በውል ያልታሰረ ነገር ስለ ሆነ ነው። እኛም የምንለው፥ በውል ሊታሰር ይገባው የነበረ ነገር ዛሬም ቢሆን በውል እንጂ በሌላ መንገድ አይታሰርም ነው።

አሁን ደግሞ ከዚህ ስሕተት የተማረ ሰው እንዳለ እናሳይ። ከሻሸመኔ ወደ ደቡብ ጥቂት እንደ ተጓዙ ሐዋሳ ትገኛለች። የሲዳማ ሕዝብ በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 መሠረት ከደቡብ ክልል ወጥቶ የራሱን ክልል ለማቋቋም ጠይቆ፥ አንድ ዓመት ቢያልፍ ሕዝበ ውሳኔው ሳይደረግ ቀረ። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ክልሉን እናውጃለን የሚል አሳብ በተነሣ ጊዜም ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከዚያ በኋላ ግን የምርጫ ቦርድ ድምፁ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ስለ ሐዋሳ ከተማ አስተዳደር፥ ስለ ሀብት ክፍፍልና የሲዳማ ተወላጅ ስላልሆኑት ነዋሪዎች መብት የሕግ መልስ እንዲዘጋጅ ጠየቀ። ድምፁ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ተሰጠ። ክልል ይሁን ለሚለው ሻፌታ፥ በደቡብ ክልል እንቅር ለሚለው ጎጆ ምልክት ሆነው ቀርበው፥ ከመቶው 98.51 ሻፌታን መረጠ። ዕለቱም በሰላም አለፈ።

እርግጥ ይህ አገር መለየት አይደለም፤ በአንድ ቤት ውስጥ የክፍል መለወጥ ነው። ደግሞም የቀረው የደቡብ ክልል ከዚያ በኋላ ጸንቶ አልቈየም፤ ሌሎችም ሕዝቦች በየተራቸው ወጥተው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ስሙም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ አንዱ ሲወጣ የቀረው ምን እንደሚሆን ማሰብም አንድ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ በሲዳማ ነገር ከድምፁ በፊት ስለ ጐረቤትና ስለ ንብረት መጠየቁ፥ በ1985 ዓ.ም. ያልተደረገ ነገር መደረጉን ያሳያል።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 39 ራሱ በዚህ በኩል ጐዶሎ ነው። አንድ ሕዝብ ከአገሪቱ ለመለየት ቢፈልግ የምክር ቤቱ አባሎች ከሦስት ሁለቱ እንዲስማሙ፥ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲያዘጋጅ፥ ድምፅ የሰጡት አብዛኞች እንዲደግፉት፥ ከዚያም ሥልጣን እንዲተላለፍና ሀብት በሕግ እንዲከፈል ያዝዛል። አንቀጹ ይኑር አይኑር የሚለው ክርክር ሕገ መንግሥቱ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ያልበረደ ነው፤ አንዱ የሕዝቦች መተማመኛ ነው ሲል ሌላው በቤት ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ ነው ይለዋል። ነገር ግን ደጋፊውም ተቃዋሚውም ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በአንቀጹ ውስጥ ስለ ሀብት ሲነገር ስለ ሰው አለመነገሩ ነው። በሚለየው ምድር ተወልዶ በሌላው ምድር የሚኖር ሰው የማን ዜጋ ይሆናል? የተጋቡትስ? ልጆቻቸውስ? ወሰኑስ በምን ይለያል? ሕጉ በዚህ ዝም ብሏል። በዝምታ የታለፈ ነገር ምን እንደሚያደርስ ደግሞ በ1990 ዓ.ም. አይተናል።

ካህናት እንደሚያውቁት በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የሮብዓም ታሪክ ይህን ሁሉ በአጭሩ ይዟል። ሕዝቡ ቀንበራቸው እንዲቀልላቸው በለመኑ ጊዜ፥ ሮብዓም የሽማግሌዎችን ምክር ትቶ የእኩዮቹን ምክር ሰምቶ በትዕቢት መለሰላቸው፤ ዐሥሩም ነገድ ተለዩት። የመለየቱ ምክንያት በልዩነቱ ቀን ሳይሆን ምክሩ በተናቀበት ቀን ተፈጸመ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማይነገረው የታሪኩ መጨረሻ ነው። ሮብዓም 180 ሺህ ተዋጊ ሰብስቦ የተለዩትን በጦር ሊመልስ በተነሣ ጊዜ፥ ነቢዩ ሳማያ ከወንድሞቻቸው ጋር እንዳይዋጉ ነገራቸው፤ ሕዝቡም ሰምቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። መንግሥቱ ተከፈለ፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ወንድማማቾች አልተራረዱም። በአንድ ታሪክ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ፤ ሕዝብ እንዳይለይ ቀድሞ ምክር መስማት ያስፈልጋል፤ ከተለየም በኋላ ወንድምነት እንዳይፈርስ አጥብቆ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሹም የሆነ ሰው አንድ ታላቅ ጥያቄ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በሥሩ ያሉትን ትንንሽ ጥያቄዎች ይቍጠር፤ ተቃዋሚውንም ያድምጥ፤ ያልታየውን ጉድጓድ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው እርሱ ነውና። መዝገብ የሚይዝም ሰው የጻፈው ስም ነገ ለምን እንደሚውል አስቦ ይጻፍ። በሰላም ቀን ለድምፅ የተጻፈ ስም በጠብ ቀን ለማባረር እንዳይውል መጠበቅ የእርሱ አደራ ነው። ካህንም ሕዝቡ በተለያየ ጊዜ ቢሆን፥ አንድ ዕድር የቀበራቸውን ሙታንና አንድ ካህን ያጠመቃቸውን ልጆች እያሰበ፥ መንግሥታት ቢለያዩ ሰው ከሰው እንዳይለያይ ያስተምር።

ሽማግሌው ባልና ሚስቱን ከማሰናበቱ በፊት የሚጠይቀው የመጨረሻ ጥያቄ «ነገ በመንገድ ስትገናኙ ሰላምታ ትሰጣጣላችሁን?» የሚል ነው። ለሕዝብ በሚቀርበው ወረቀት ላይ ይህ ጥያቄ ተጽፎ አያውቅም። ድምፅ የሚያሰናዱ ሁሉ ግን ወረቀቱን ከማተማቸው በፊት በልባቸው ሊጽፉት ይገባል።